የሕዝባዊ ታሪክ ትምህርት በድኅረ ምረቃ ደረጃ፦ አመልካቾች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በመዛግብት፣ በሙዚየሞች፣ በቅርስ ጥበቃ፣ በመገናኛ ብዙኃንና በመምህርነት ሥራ የተሰማሩ ዜጎች በታሪክና በተዛማጅ መስኮች የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመከታተል የሚያስችላቸውን መንገድ በተደጋጋሚ ይጠይቃሉ። ይህ ጽሑፍ ሕዝባዊ ታሪክ የሚባለውን የጥናት ዘርፍ ምንነት፣ በአገራችን በየትኞቹ መርሐ ግብሮች አማካይነት ሊጠና እንደሚችል፣ የመግቢያ መስፈርቶችን፣ ተማሪው የሚጠቀምባቸውን የመረጃ ምንጮችና ሊያከብራቸው የሚገቡ ሕጎችን በቅደም ተከተል ያስረዳል።

የሕዝባዊ ታሪክ ምንነት

ሕዝባዊ ታሪክ ማለት የታሪክ ሙያ ከመማሪያ ክፍልና ከምሁራዊ መጽሔት ወጥቶ ለሰፊው ኅብረተሰብ አገልግሎት የሚውልበት ዘርፍ ነው። የሙዚየም ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት፣ ቤተ መዛግብትን ማደራጀት፣ ታሪካዊ ስፍራዎችን ለጎብኝዎች ማስረዳት፣ የቃል ታሪክን መቅዳትና ማስቀመጥ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ታሪካዊ ዝግጅቶችን ማጥናት፣ የከተማን ወይም የአንድን ተቋም ታሪክ መጻፍ በዚህ ዘርፍ ሥር ይጠቃለላሉ።

ዘርፉ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠት የጀመረው በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ መሥራቹም የታሪክ ምሁሩ ሮበርት ኬሊ ናቸው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ የሚገኘው የራስኪን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ ስም የማስተርስ መርሐ ግብር ከፍቷል። ሁለቱም መነሻዎች የየራሳቸው መልክ አላቸው። የአሜሪካው የታሪክ ተመራቂዎች ከማስተማር ውጭ በመንግሥትና በግል ተቋማት ሥራ እንዲያገኙ የታሰበ ነበር። የእንግሊዙ ደግሞ ሠራተኞችና የአካባቢ ነዋሪዎች የራሳቸውን ታሪክ ራሳቸው እንዲያጠኑ ከማበረታታት ልማድ የወጣ ነው። በኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ ሁለቱም ዓላማዎች ትርጉም አላቸው።

የትምህርቱ አስፈላጊነት

የአገራችን ታሪክ ሰፊ ክፍል እስከ ዛሬ በጽሑፍ አልሰፈረም። የብዙ አካባቢዎች ታሪክ የሚታወቀው በአረጋውያን፣ በባህል መሪዎችና በሃይማኖት አባቶች አንደበት ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ በዐዋቂነት ዕድሜ ያዩ ሰዎች አልፈዋል። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖታል። የ1977 ዓ.ም. ድርቅና የሰፈራ ዘመቻ ያፈናቀላቸው ጎልማሶችም በአብዛኛው በእርጅና ዕድሜ ላይ ይገኛሉ። ይህን ትውልድ በሙያዊ ዘዴ ጠይቆ፣ ቃሉን ከሌሎች ምንጮች ጋር አገናዝቦ ለማስቀመጥ የሠለጠነ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት የሙዚየሞችና የመታሰቢያ ስፍራዎች መበራከት ነው። በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም፣ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት የሆነው የአንድነት ፓርክና በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየቀኑ ታሪክን ለጎብኝዎች ያቀርባሉ። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ በግድግዳ ላይ የሚሰፍር የ50 ቃላት መግለጫ ከአንድ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይልቅ ብዙ አንባቢ ያገኛል። ስለሆነም በመግለጫው ውስጥ የሚፈጠር የዓመተ ምሕረት፣ የስም ወይም የትርጓሜ ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው።

በአገራችን የሚገኙ መርሐ ግብሮች

አመልካቾች በቅድሚያ ሊገነዘቡት የሚገባው ጉዳይ የትምህርት መስኩ የሚታወቅበት ስም ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርፉ በአብዛኛው የሚጠናው «ሕዝባዊ ታሪክ» በሚል ስያሜ ሳይሆን በተዛማጅ የትምህርት ክፍሎች ውስጥ ነው። ስለሆነም አመልካቹ ሊሠራ የሚፈልገውን ሥራ አስቀድሞ ለይቶ፣ ለዚያ ሥራ የሚያዘጋጀውን መርሐ ግብር መምረጥ ይኖርበታል።

የታሪክ ትምህርት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የማስተርስ ትምህርት ከጀመረ ረጅም ዓመታት ያስቆጠረ ሲሆን፣ የዶክትሬት መርሐ ግብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በባሕር ዳር፣ በጅማና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በታሪክ የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል። ይህ መስክ በጽሑፍና በቃል ምንጮች ላይ የተመሠረተ ምርምር ለማካሄድ፣ የአካባቢ ታሪክ ለመጻፍና በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ለሚፈልጉ ይመከራል።

የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት። ቅርሶችን ለመመዝገብ፣ ለመጠገን፣ የታሪካዊ ስፍራዎችን የአያያዝ ዕቅድ ለማዘጋጀትና በሙዚየም ለመሥራት ለሚፈልጉ ተስማሚ ነው።

የፊሎሎጂ ትምህርት። በግእዝ፣ በዐረብኛ ፊደል በተጻፉ የአጀሚ ጽሑፎችና በሌሎች ጥንታዊ መዛግብት ላይ ለመሥራት የሚያስፈልገውን የብራና ንባብና የጽሑፍ ማነጻጸር ችሎታ ያስጨብጣል።

የመረጃ ሳይንስ ትምህርት። በቤተ መዛግብትና በቤተ መጻሕፍት የሰነድ አደረጃጀት፣ እንዲሁም ሰነዶችን ወደ ዲጂታል ቅጂ በመለወጥ ሥራ ለመሠማራት ለሚሹ ይጠቅማል።

በተግባር ሲታይ ብዙ ተማሪዎች በታሪክ ትምህርት ክፍል ተመዝግበው የጥናት ርእሳቸውን ወደ ሕዝባዊ ታሪክ ያዘነብላሉ። የአንድ ሙዚየም አመሠራረት፣ የአንድ ሐውልት ታሪክ፣ የከተማ አደባባዮች ስያሜ መለዋወጥ፣ የአንድ ብሔራዊ በዓል አከባበር በየዘመናቱ ያሳየው ለውጥ ለዚህ ተስማሚ ርእሶች ናቸው።

የመግቢያ መስፈርቶች

1. የመጀመሪያ ዲግሪ። አመልካቹ እውቅና ካለው ተቋም በታሪክ ወይም በተዛማጅ መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቁ ተማሪዎች ዲግሪውን ለማግኘት ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት እንደሚጠበቅባቸው ይታወሳል። ከሌላ መስክ ለሚመጡ አመልካቾች የትምህርት ክፍሉ የማሟያ ኮርሶችን ሊያዝ ስለሚችል ከምዝገባ በፊት ማጣራት ይገባል።

2. የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ወደ ድኅረ ምረቃ መርሐ ግብሮች የሚገቡ አመልካቾች በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን ፈተና ይወስዳሉ። የምዝገባ ጊዜ፣ የማለፊያ ነጥብና የፈተና ጣቢያዎች በየዙሩ በሚወጣ ማስታወቂያ ይገለጻሉ። ፈተናውን ማለፍ ለውድድር ብቁ ያደርጋል እንጂ በራሱ የመግቢያ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቀሪውን ምርጫ የሚያካሂደው ዩኒቨርሲቲው ነው።

3. የትምህርት ማስረጃዎች። ኦፊሴላዊ የውጤት ግልባጭ ከተመረቁበት ተቋም በቀጥታ ለሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ እንዲላክ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ አይመከርም።

4. የድጋፍ ደብዳቤ። በመንግሥት ወይም በሌላ ተቋም ስፖንሰርነት የሚማሩ አመልካቾች ከመሥሪያ ቤታቸው ደብዳቤ ያቀርባሉ። ደመወዝ እየተከፈላቸው የሚማሩ ሠራተኞች ከትምህርት በኋላ ተመልሰው ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል የውል ግዴታ ይገባሉ። የውሉን የአገልግሎት ዘመንና ውሉ ቢፈርስ የሚመለሰውን ገንዘብ መጠን ከመፈረም በፊት በጥንቃቄ ማንበብ ተገቢ ነው።

5. የጥናት መነሻ ሐሳብ። ለዶክትሬት ትምህርት በሁሉም ዘንድ፣ ለማስተርስ ትምህርት ደግሞ በአንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ዘንድ ይጠየቃል። ጥሩ የመነሻ ሐሳብ ጥያቄውን፣ የጥናቱን ቦታና ዘመን ወሰን፣ ምንጮቹ የት እንደሚገኙ፣ አጥኚው የሚያስፈልገውን ቋንቋ መቻል አለመቻሉን በግልጽ ያሳያል።

የማስተርስ ትምህርት በመደበኛው መርሐ ግብር በአብዛኛው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ዓመት ለኮርሶች፣ ሁለተኛው ለመስክ ሥራና ለመመረቂያ ጽሑፍ ይውላል። የዶክትሬት ትምህርት በተለምዶ አራት ዓመት የሚሰጠው ሲሆን፣ የመስክ ሥራው ሲራዘም ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የማስተማሪያና የመመረቂያ ጽሑፍ ቋንቋው በታሪክ ትምህርት ክፍሎች እንግሊዝኛ ስለሆነ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ የተቀዳን ቃል በትክክል መተርጎም የሥራው ዐቢይ አካል ነው።

የምንጮች መገኛ

በ1936 ዓ.ም. «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተብሎ የተመሠረተው የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የብራና መጻሕፍትን፣ ደብዳቤዎችን፣ የመንግሥት መዛግብትንና በአገር ውስጥ የታተሙ ጽሑፎችን ይዟል። ከስብስቦቹ መካከል የተመረጡት እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ በሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም አለው። የተቋሙ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። በዚሁ ግቢ ለዓመታት የተጻፉ የታሪክ መመረቂያ ጽሑፎችን ማንበብ ርእስ ከመምረጥ አስቀድሞ ሊከናወን የሚገባው ተግባር ነው። የተመረጠው ርእስ ቀደም ሲል ተጠንቶ ሊሆን ይችላል። ካልተጠናም በጎረቤት ወረዳ ላይ የተጻፈ ጥናት ምንጭ ይጠቁማል።

የገዳማትና የአብያተ ክርስቲያናት ብራናዎችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ቅጂ አስቀርቷል። ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ በርካታ ብራናዎች ደግሞ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እነዚህን ስብስቦች በአካል መመልከት መቻላቸው የጥናት ርእስ ሲመርጡ ሊያስቡበት የሚገባ ዕድል ነው።

ምንጮችን በሚያገናዝቡበት ጊዜ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው 7 ዓመት፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ደግሞ 8 ዓመት ነው። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ የተጨፈጨፈበት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ላይ ይውላል። ወሩን ሳያረጋግጡ ዓመቱን ብቻ መለወጥ የአንድ ዓመት ስሕተት ያስከትላል።

የቃል ታሪክና የመረጃ ሰጪዎች መብት

በአገራችን የታሪክ መመረቂያ ጽሑፎች መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎችን ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተካሄደበትን ቦታና ቀን የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ለጥናቱ ተዓማኒነት ይሰጣል፤ የአረጋውያኑንም አስተዋጽኦ ያስከብራል። ሆኖም ጽሑፉ በቤተ መጻሕፍት ለዘለቄታው የሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜም በኢንተርኔት የሚለቀቅ በመሆኑ መረጃ ሰጪው ስሙ እንዲወጣ ፈቅዶ መሆኑ በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት።

ተማሪው ከቃለ መጠይቁ በፊት የጥናቱን ዓላማ መረጃ ሰጪው በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። ድምፅ ለመቅዳት፣ ፎቶግራፍ ለማንሣትና ስም ለመጥቀስ ለየብቻ ፈቃድ ይጠይቃል። መረጃ ሰጪው መልስ ላለመስጠት፣ የተናገረውን ለማስቀረት ወይም ስሙ እንዲደበቅ ለማድረግ መብት እንዳለው ይነግረዋል። ስለ ቀይ ሽብር፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ማኅበረሰብ ግጭት የሚሰበሰብ ቃል በሕይወት ያሉ ሰዎችን ሊያጋልጥ፣ የቆየ ቂምም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጸናል። አንድ ወገን ብቻ ተጠይቆ የተጻፈ የግጭት ታሪክ በአካባቢው ሰላም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከአጥኚው ምረቃ በኋላም ይቀጥላል። ስለዚህም የሁሉንም ወገን ቃል መስማትና የማይስማሙትን ምስክርነቶች እንዳሉ ማቅረብ የሙያው ግዴታ ነው።

ጥናቱ ሲጠናቀቅ የቅጂውን አንድ ግልባጭ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበረሰቡ ተቋም መመለስ ይመከራል። የተናገሩት ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ለማንበብ ወደ አዲስ አበባ እንዲጓዙ መገደድ የለባቸውም።

ሊታወቁ የሚገባቸው ሕጎች

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቁፋሮና የቅርስ ጥናት ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ፣ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ተማሪው በመስክ ሥራ ላይ የተሰጠውን ዕቃ ወይም ብራና ለማንበብ ብሎ ይዞ መሄድ የለበትም፤ በቦታው ፎቶግራፍ አንሥቶ ለባለቤቱ መመለስ ትክክለኛው አሠራር ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። የፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ 25 ዓመት ነው። ለዐውደ ርእይ ወይም ለሕትመት የሚውሉ ደብዳቤዎች፣ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ባለመብት ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጣራት ይኖርበታል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ማስቀመጥና ስለ ማስተላለፍ የሚመለከት በመሆኑ የቃለ መጠይቅ ቅጂዎችን የሚይዙ ተማሪዎችና ተቋማት ሊያውቁት ይገባል።

የተቋማት እውቅናና የውጭ አገር ማስረጃ

በግል ተቋም ለመማር ያሰበ አመልካች እውቅናውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ማረጋገጥ አለበት። እውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ በጥቅሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ደረጃና ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በመጀመሪያ ዲግሪ እውቅና ስላለው በማስተርስም አለው ማለት አይደለም፤ በአንድ ከተማ ያገኘው እውቅናም ለሌላ ከተማ ቅርንጫፉ አያገለግልም። ያለ እውቅና በተሰጠ ትምህርት የተገኘ ማስረጃ ለቅጥርም ሆነ ለዶክትሬት ትምህርት ተቀባይነት ስለሌለው ክፍያ ከመፈጸም በፊት ማጣራት ሁለት ዓመትና ብዙ ገንዘብ ከመባከን ያድናል።

በውጭ አገር የተማሩ ዜጎች ማስረጃቸው በአገር ውስጥ እንዲያገለግል የአቻ ግምት ከባለሥልጣኑ ማግኘት ይኖርባቸዋል። በሕዝባዊ ታሪክ ስም የተገኘ ዲግሪ በአገር ውስጥ የሥራ መደብ መስፈርት ውስጥ በዚያው ስም ላይገኝ ስለሚችል፣ ከዲግሪው ጋር የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫና የመመረቂያ ጽሑፉን ቅጂ ይዞ መመለስ ጠቃሚ ነው። ማስረጃዎቹ በተሰጡበት አገር የሚመለከተው አካልና በዚያ በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተረጋግጠው ቢመጡ ከተመለሱ በኋላ የሚያጋጥመውን መጉላላት ይቀንሳል።

የሥራ መስክ

የዘርፉ ምሩቃን በሙዚየሞች፣ በቤተ መዛግብት፣ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፣ በክልልና በወረዳ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በመገናኛ ብዙኃንና በአስጎብኝ ድርጅቶች ይሠራሉ። የሥራ ማስታወቂያዎች በአብዛኛው የሚጠይቁት ታሪክን፣ አርኪዮሎጂን ወይም የቅርስ አስተዳደርን በስም ጠቅሰው ስለሆነ አመልካቹ የሚፈልገውን የሥራ መደብ የትምህርት መስፈርት ከምዝገባ በፊት ቢመለከት ይመረጣል።

ከማመልከት በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

ለመሥራት የታሰበው የሥራ ዓይነት መለየቱ፤ ለዚያ ሥራ የሚስማማው መርሐ ግብር መመረጡ፤ የትምህርት ክፍሉ በታሰበው ርእስ ላይ አማካሪ ሊሆን የሚችል መምህር ያለው መሆኑ፤ የመግቢያ ፈተናው ምዝገባ ጊዜ መታወቁ፤ የውጤት ግልባጭ መጠየቁ፤ የስፖንሰርነት ውሉ መነበቡ፤ የግል ተቋም ከሆነ እውቅናው መረጋገጡ ሊመሳከሩ ይገባል።

በየትምህርት ዘመኑ የሚወጡ የቅበላ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ ዝርዝር መረጃ ከየዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ከሬጅስትራር ማግኘት ይቻላል። የእውቅናና የአቻ ግምት ጥያቄዎች ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ የቅርስ ጥናት ፈቃድን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይቀርባሉ።